አራት ይዞ በሁለት መጫወት
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለጥያቄና መልስ አምድ አዘጋጅ። እኔና ጓደኞቼ እሑድ ከሰዓት በኋላ ጣና ዳር ባለው የአንድ ጓደኛችን ግቢ እየተሰበሰብን ቴክሳስ ሆልደም የተባለውን የፖከር ዓይነት መጫወት ከጀመርን ቆይተናል። የምንጫወተው በገንዘብ ሳይሆን በሽምብራ ስለሆነ እስካሁን ማንም ከማንም አልተቀያየመም። ብዙውን ጊዜ ሽምብራውን ጠራርጌ የምነሣውም እኔ ነበርኩ። በቅርቡ ግን ከውጭ አገር ለዕረፍት የመጣው የአክስቴ ልጅ ኦማሃ የሚባለውን ባለአራት ካርታ ጨዋታ አስተማረንና ነገሩ ሁሉ ተገለባበጠብኝ። ባለፈው እሑድ ለምሳሌ በእጄ የልብ ኤስ፣ የስፔድ ኤስ፣ የፍላወር 9 እና የዳይመንድ 4 ነበሩ። ጠረጴዛው ላይ የልብ ኪንግ፣ የልብ 9፣ የልብ 6፣ የልብ 3 እና የስፔድ ጃክ ተገለጡ። በማውቀው ሕግ ይህን የሚበልጥ ስለሌለ ያለኝን ሽምብራ በሙሉ አስገባሁ። ፍለሽ፣ ማለትም አምስት አንድ ዓይነት ካርታ፣ አለኝ ብዬ ካርታዬን ስገልጥ ግን «ፍለሽህ አይቆጠርም» ተባልኩና የልብ 4 እና የልብ 2 የያዘው ታናሽ ወንድሜ ሁሉንም ወሰደ። ወንድሜ ሆልደምን እንኳ በቅጡ አያውቅም። ለመሆኑ እስከ ዛሬ የተማርኩትን ሁሉ መርሳት ይኖርብኛል? ከየትስ ልጀምር?
ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ነገርን ከሥሩ እንዲሉ፣ መጀመሪያ «አይቆጠርም» የተባለውን ፍለሽዎን ብንመረምር የቀረውን ችግርዎን አብሮ ይፈታዋል። በሆልደም ተጫዋቹ አምስት ካርታ ያለው እጁን የሚሠራው በእጁ ካሉት 2 እና ጠረጴዛው ላይ ካሉት 5 ካርታዎች እንደፈለገ መርጦ ነው። ከእጁ ሁለቱን ወይም አንዱን ሊጠቀም፣ ሲፈልግም ጠረጴዛው ላይ ያሉትን አምስቱን ብቻ ሊቆጥር ይችላል። በኦማሃ ይህ ነፃነት የለም። ከእጅዎ የግድ 2፣ ከጠረጴዛው የግድ 3 ይወሰዳል፤ አይጨመርም፣ አይቀነስም። እርስዎ በእጅዎ የነበረዎት ልብ አንድ ብቻ ነው። ከእርሱ ጋር ሌላ ማንኛውንም ካርታ ቢያጣምሩ ከጠረጴዛው የሚወስዱት ሦስት ልብ ስለሆነ በድምሩ አራት ልብ እንጂ አምስት አይሞላልዎትም። በሕጉ መሠረት በዚያች ሰዓት የነበረዎት ትልቁ እጅ የኤስ ጥንድ ነበር። ወንድምዎ ግን በእጁ ሁለት ልብ ስለነበረ፣ ካርታዎቹ ትናንሽ ቢሆኑም፣ ትክክለኛ ፍለሽ ሠርቷል።

ይኸው ስሕተት በፍለሽ ብቻ አይወሰንም። ጠረጴዛው ላይ 7፣ 8፣ 9 እና 10 ሲደረደሩ በእጁ አንድ ጃክ ያለው የሆልደም ተጫዋች ስትሬት (አምስት ተከታታይ ካርታ) አለኝ ብሎ እርፍ ይላል። በኦማሃ ያ ጃክ ሌላ የሚረዳው ካርታ ከጎኑ ከሌለ ምንም ማለት አይደለም። እንደዚሁም ጠረጴዛው ላይ ሦስት ኪንግ ቢገለጡ፣ በሆልደም አምስቱ የጋራ ካርታዎች ራሳቸው ፉል ሀውስ (ሦስት ተመሳሳይና አንድ ጥንድ) ሆነው ለሁሉም እኩል የሚደርሱበት ጊዜ አለ፤ በኦማሃ ግን ያን ጊዜ ፉል ሀውስ ለማለት በእጅዎ ጥንድ መኖር አለበት። ዓይንዎ ለዓመታት የለመደው ሰባቱን ካርታ በአንድ ጊዜ አፍሶ ማየት በመሆኑ፣ አሁን እጅንና ጠረጴዛን ለይቶ እንዲያይ ማሠልጠን ይኖርብዎታል። ወንድምዎ የበለጠዎትም በዚህ ነው ብዬ እገምታለሁ። የሚረሳው ነገር ስለሌለው ሕጉን እንደተነገረው ወሰደው።

አሁን ወደ ሁለቱ ኤስ እንመለስ። በሆልደም ሁለት ኤስ ሁለት ኪንግ ከያዘ ተጫዋች ጋር ቢጋጠሙ ከ100 ጊዜ 82 ያህሉን ያሸንፋሉ፤ ስለዚህ ኤስ ጥንድ ሲታደል ልብ መምታቱ ተገቢ ነው። በኦማሃ ግን አራት ካርታ ማለት ስድስት ጥምረት ማለት እንደሆነ ያስቡ። የእርስዎን እጅ ብንበትነው ኤስ ከኤስ፣ የልብ ኤስ ከ9፣ የልብ ኤስ ከ4፣ የስፔድ ኤስ ከ9፣ የስፔድ ኤስ ከ4፣ በመጨረሻም 9 ከ4 ይሆናል። ከስድስቱ በእርግጥ የሚሠራው የመጀመሪያው ብቻ ነው። ዘጠኙና አራቱ ከኤሶቹ ጋር በዓይነት አይገናኙም፣ በተከታታይነትም እምብዛም አይረዷቸውም፤ እርስ በርሳቸውም ተራርቀዋል። ከእጅ አይሻል ዶማ ማለት እነርሱ ናቸው። በአንጻሩ ጃክ፣ 10፣ 9 እና 8 የያዘ፣ ከእነዚህም ሁለቱ በአንድ ዓይነት ሁለቱ በሌላ ዓይነት የሆኑለት ተጫዋች ስድስቱም ጥምረቶቹ ይሠሩለታል። ይህ እጅ እንደ እርስዎ ካለው የተበታተነ የኤስ እጅ ጋር ገና ከመጀመሪያው ቢጋጠም ውጤቱ ወደ እኩል ዕድል የተጠጋ ነው። በዚያ ላይ ጠረጴዛው ዙሪያ አምስት ተቃዋሚ ካለ፣ በሆልደም አምስት ጥምረት የነበረው አሁን ሠላሳ ሆኖ ይጠብቅዎታል። ስለዚህ ጥንድ ኤስ ብቻውን እስከ መጨረሻው ተይዞ የሚሄድ እጅ መሆኑ ቀርቷል። ሁለት ጥንድም ቢሆን ብዙ አያስተማምንም።

ከዚህ የሚከተለው ዋና ነገር፣ በኦማሃ «ጥሩ እጅ አለኝ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ቦታውን ለሌላ መልቀቁ ነው። ትክክለኛው ጥያቄ «ጠረጴዛው ላይ ባለው ካርታ የማይበለጠው እጅ የትኛው ነው? እኔስ እርሱን ይዣለሁ ወይስ ወደ እርሱ እየሄድኩ ነው?» የሚለው ነው። ሦስት ልብ ተገልጦ ብዙ ሰው ሽምብራ እያስገባ ከሆነ አንዱ የኤስ ፍለሽ አለው ብሎ መጠርጠር ተገቢ ነው፤ የዘጠኝ ፍለሽ ይዞ አብሮ መክተት በሆልደም ድፍረት ሊባል ቢችልም በኦማሃ ጥፋት ነው።

ይህን በአንድ ምሳሌ ጠጋ ብለን እንየው። በእጅዎ ጃክ፣ 10፣ 7 እና 6 አሉ እንበል፤ ፍሎፑ (መጀመሪያ የሚገለጡት ሦስት የጋራ ካርታዎች) 9፣ 8 እና 2 ሆኖ ሦስቱም በዓይነት የተለያዩ ናቸው። በሆልደም ጃክና 10 ብቻ ቢኖርዎት ስትሬት የሚሞላልዎት በአራቱ ኩዊንና በአራቱ 7፣ በድምሩ በ8 ካርታ ነበር፤ በቀሩት ሁለት ካርታዎች የመሙላት ዕድልዎም ከ100 ወደ 31 ወይም 32 ይሆን ነበር። በኦማሃ ያው ፍሎፕ ከአራቱ ካርታዎችዎ ጋር ሲገናኝ ኩዊን 4፣ ጃክ 3፣ 10 ደግሞ 3፣ 7 ሌላ 3፣ 6 እንዲሁ 3፣ 5 ደግሞ 4፣ በድምሩ 20 ካርታ ስትሬት ያደርግልዎታል። ይህም ከ100 ወደ 70 የሚጠጋ ዕድል ነው። እጅዎ ገና ምንም ያልሠራ ሆኖ ሳለ፣ ሦስት ተመሳሳይ ካርታ ለሠራ ሰው እንኳ የሚያሰጋ መሆኑ የሆልደም ተጫዋችን ያስገርመዋል። ነገር ግን ሃያው ሁሉ እኩል አይደለም። ኩዊን ሲመጣ ከጃክና ከ10 ጋር፣ 7 ሲመጣም እንዲሁ፣ 6 ሲመጣ ከ10 እና ከ7 ጋር፣ 5 ሲመጣ ከ7 እና ከ6 ጋር የሚሠሩት ስትሬት በጠረጴዛው ላይ የማይበለጥ ነው፤ እነዚህ 14 ካርታዎች ናቸው። ጃክ ቢመጣ ግን የእርስዎ ስትሬት በ10 እና በ7 የተሠራ ሲሆን፣ ኩዊንና 10 የያዘ ይበልጥዎታል። 10 ቢመጣም ኩዊንና ጃክ የያዘ ይበልጥዎታል። በስድስቱ ካርታ የሚሠራው ስትሬት፣ ሁሉም ሽምብራውን ሲያስገባ ያለ ጥርጣሬ የሚከተሉት አይደለም። የኦማሃ ችሎታ አብዛኛው እንዲህ ሃያውን ወደ አሥራ አራትና ስድስት መክፈል ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አሁን የተማሩትን ሁሉ ይርሱ ወይስ አይርሱ ወደሚለው ልምጣ። አይርሱ። በባሕር ዳር ሜዳማ መንገድ ብስክሌት ሲነዳ ያደገ ሰው ሞተር ሳይክል ላይ ሲወጣ ሚዛን መጠበቁን አዲስ አይማረውም፤ እንደገና የሚማረው ፍጥነቱንና ፍሬኑን ነው። ከሌሎች በኋላ የሚጫወት ሰው የሌሎችን ሐሳብ አይቶ የመወሰን ብልጫ እንዳለው ከሆልደም ያውቃሉ፤ በኦማሃ ይህ ብልጫ ይበልጥ ይከብዳል እንጂ አይቀልም። የማይረባ ካርታ ማጠፍ፣ በመሃል ያለው ሽምብራ ለመክፈል ከሚጠየቁት ጋር የሚመጣጠን መሆኑን ማስላት፣ የሰውን ፊትና የውርርዱን ልማድ ማስተዋል፣ እነዚህ ሁሉ አብረውዎት ይሄዳሉ። የሚቀንሰው ብለፍ ነው። አምስት ሰው አራት አራት ካርታ ይዞ ሲቀመጥ አንዱ ከጠረጴዛው ጋር የሚገጥም ነገር ማግኘቱ የማይቀር ስለሆነ፣ ምንም ሳይኖር ሁሉንም አስፈራርቶ ማስወጣት ይከብዳል። ይሁንና ያ የተናቀ አንድ የልብ ኤስዎ ፈጽሞ ከንቱ አልነበረም። እርሱ በእጅዎ እያለ ማንም ሌላ ሰው የኤስ ፍለሽ ሊኖረው አይችልም፤ ይህን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት። ልምድ ያላቸው ተጫዋቾች በዚህች መረጃ ተመርኩዘው ፍለሽ የያዘውን ሰው እስከ ማሳጠፍ ይደርሳሉ። ለጀማሪ ግን አልመክረውም፤ ወንድምዎ የልብ 4 እና 2 ይዞ ከማይተው ዓይነት ሰው መሆኑን አሳይቷልና።

ሌላ ልማድዎን የሚፈትነው የውርርዱ ልክ ነው። እርስዎ «ያለኝን በሙሉ አስገባሁ» ያሉት በሆልደም የተለመደ ነው፤ ኦማሃ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚካሄደው በፖት ሊሚት፣ ማለትም መሃል ካለው በላይ ባለማሳደግ ሕግ ነው። ስሌቱ መጀመሪያ ግራ ያጋባል። መሃል 30 ሽምብራ ቢኖርና ከፊትዎ ያለው ሰው 10 ቢወራረድ መሃል ያለው 40 ይሆናል። እርስዎ ቀድመው 10 ከፍለው እኩል እንዳደረጉት ያስቡ፤ 50 ሆነ። የማሳደግ መብትዎ ያው 50 ነው። ስለዚህ በዚያ ጊዜ ሊያስገቡ የሚችሉት ከፍተኛ መጠን 60 ሽምብራ ነው። ሦስት ጊዜ እንዲህ ከተደራረበ ጎድጓዳ ሳሕኑ በፍጥነት ይሞላል፤ ልኩ ትንሽ ይምሰል እንጂ ጨዋታው ለስላሳ አይደለም።

ከየት ልጀምር ላሉት፣ በመጀመሪያ የተዘጋጀ ሰንጠረዥ ከመሸምደድ እንዲቆጠቡ እመክራለሁ። በሆልደም ሁለት ካርታ የሚታደልባቸው 1,326 መንገዶች ስላሉ ሰንጠረዥ ትርጉም ይሰጥ ይሆናል፤ በኦማሃ አራት ካርታ የሚታደልባቸው መንገዶች 270,725 ናቸው። ይልቅ አራቱ ካርታዎች እርስ በርስ መነጋገራቸውን ይመልከቱ፤ በተከታታይ የተቀራረቡ፣ ሁለት ሁለቱ በአንድ ዓይነት የሆኑ፣ ከአራቱ አንዱም ብቻውን ያልቀረ እጅ ይጠብቁ። ቀጥሎም አንድ እሑድ ሽምብራውን ትተው ካርታውን ገልጣችሁ ተጫወቱ። ለእያንዳንዱ ሰው አራት አራት ታድሎ ሁሉም ፊት ለፊት ይቀመጥ፤ ፍሎፑ ሲገለጥ እያንዳንዱ ተጫዋች ስድስቱን ጥምረት ጮክ ብሎ ይጥራ፤ ከዚያም የማይበለጠው እጅ የትኛው እንደሆነ ሁላችሁም ተከራከሩ። ተርኑና ሪቨሩ (አራተኛውና አምስተኛው የጋራ ካርታ) ሲገለጡ የማይበለጠው እጅ እንዴት እንደሚቀያየር ማየት ከአሥር ገጽ ምክር ይበልጣል። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ የተገለጠ ካርታ ስለሚገለብጥ ግን በረንዳውን ትታችሁ ከግድግዳ ተጠግታችሁ ብትቀመጡ ይሻላል።

በነገራችን ላይ፣ ብዙ ሰው ፖከርን በሆልደም የሚጀምረው ሆልደም ቀላሉ ወይም ጥንታዊው ስለሆነ አይደለም። የቴክሳስ ግዛት ምክር ቤት በ2007 እ.ኤ.አ. የጨዋታው የትውልድ ቦታ ብሎ ዕውቅና የሰጣት ሮብስታውን የምትባለውን ትንሽ ከተማ ነው፤ የዓለም ፖከር ውድድርም በ1970 እ.ኤ.አ. በላስ ቬጋስ ተጀምሯል። ይሁንና ጨዋታውን በዓለም ያሠራጨው የ2003 እ.ኤ.አ. ውድድር ነው። ያን ዓመት ክሪስ መኒሜከር የሚባል የሒሳብ ሠራተኛ በኢንተርኔት በተደረገ ማጣሪያ አልፎ ገብቶ ዋናውን ውድድር አሸነፈና 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። ከዚያ በፊት በአሜሪካ ብዙ ጠረጴዛ ላይ የነበረው የጋራ ካርታ የሌለው ባለሰባት ካርታው ስተድ ነበር።

ጥያቄ፦ እኛ ኦማሃን ተለማምደናል፤ አሁን ደግሞ ከጓደኞቻችን አንዷ መሃል ያለው ለትልቁና ለትንሹ እጅ እኩል የሚከፈልበትን ሃይ ሎ የሚባለውን አመጣች። እኔ ትንሹን እጅ አሸንፌ ሳለ ሽምብራዬ ቀንሶ አገኘሁት። እንዴት ሊሆን ይችላል?
ከፔዳ አካባቢ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም ይሆናል። ትንሹን እጅ የሚሸለመው ሁሉም የተለያዩ፣ ከ8 የማይበልጡ አምስት ካርታዎች ያሉት ነው፤ ኤስ እንደ አንድ ይቆጠራል፣ ስትሬትና ፍለሽ መሆኑም አይጎዳውም። ሁለት ከእጅ፣ ሦስት ከጠረጴዛ የሚለው ሕግ እዚህም ስለሚሠራ፣ ጠረጴዛው ላይ ከ8 የማይበልጡ ሦስት የተለያዩ ካርታዎች ካልተገለጡ ትንሽ እጅ የሚባል ነገር አይኖርም፤ ያን ጊዜ ትልቁ ሁሉንም ይወስዳል።

የእርስዎ ነገር ምናልባት እንዲህ ነው። ሦስት ሰዎች እያንዳንዳቸው 20 ሽምብራ አስገብተው መሃል 60 ሆነ። ትልቁን እጅ የሠራው 30 ወሰደ። ትንሹን እጅ ግን እርስዎ ብቻ ሳይሆኑ ሌላው ሰውም በእጁ ኤስና 2 ይዞ አብሮ ሠርቶታል፤ ቀሪው 30 ለሁለት ሲከፈል ለእርስዎ የደረሰው 15 ነው። 20 ሰጥተው 15 ተቀበሉ። ኤስና 2 ብዙ ሰው እስከ መጨረሻ የሚይዘው ጥምረት ስለሆነ ይህ አጋጣሚ ብርቅ አይደለም። ሌላም ወጥመድ አለ፦ በእጅዎ ኤስና 2 ይዘው ጠረጴዛው ላይ 2 ከተገለጠ፣ የእርስዎ 2 ዋጋ ያጣል፤ ከኤስና ከ2 ሌላ 3 ያለው እጅ የሚመረጠውም ለዚህ ነው። በተሞክሮዬ በዚህ ጨዋታ የሚያተርፉት ለትንሹ ብቻ የሚሮጡት ሳይሆኑ በአንድ እጅ ሁለቱንም ወገን የሚያሰጉት፣ ለምሳሌ ኤስ፣ 2 እና 3 ይዘው ኤሱም በፍለሽ የተደገፈላቸው ናቸው።

ጥያቄ፦ በግቢያችን ከ2 እስከ 5 ያሉትን ካርታዎች አውጥተን በ36 ካርታ ሆልደም መጫወት ጀምረናል። አንዱ ጓደኛችን ፍለሽ ፉል ሀውስን ይበልጣል ይላል፤ እኛ ግን ያልተሰማ ነገር ነው አልነው። ማን ትክክል ነው?
የፖሊ ተማሪ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ ጓደኛዎ ትክክል ነው። ከ2 እስከ 5 ያሉት ሲወጡ ከእያንዳንዱ ዓይነት የሚቀረው 13 ሳይሆን 9 ካርታ ስለሆነ አምስት አንድ ዓይነት ማግኘት ከባድ ይሆናል፤ ጥንዶችና ሦስት ተመሳሳዮች ግን በተደጋጋሚ ይመጣሉ። ስለዚህ ፍለሽ ከፉል ሀውስ በላይ ተቀምጧል። ኤስም በታች በኩል የ5ን ቦታ ይዞ ኤስ፣ 6፣ 7፣ 8 እና 9 ስትሬት ይሆናል። ክርክር የሚያስነሣው ሌላው ነው፦ አንዳንድ ቦታ ሦስት ተመሳሳይ ካርታ ስትሬትን ይበልጣል፣ አንዳንድ ቦታ አይበልጥም። ሁለቱም ሕግ በሥራ ላይ ያለ ስለሆነ ካርታው ከመበወዙ በፊት በየትኛው እንደምትጫወቱ ተነጋገሩ።